ምኑ ይቅር?

ሀብተ ሥላሴን የሚያውቁት ሁሉ "የኔታ" ይሉታል። እሱም በተጠራ ቁጥር "አልተመረቅሁም" ይላል። ቢቸና ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ ይኸው ንግግር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደረግ ኖሯል። ሁለቱም ወገን አልሰለቸውም።

አለመመረቁ እውነት ነው። በልጅነቱ ዲማ አካባቢ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ጉባኤ ቃናውን፣ ዘአምላኪየውን፣ ሚበዝኁውን፣ ዋዜማውን አልፎ "ሥላሴ" የሚባለው ደረጃ ላይ እንደ ደረሰ አባቱ ሞቱና በሬ ሊጠምድ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሀብተ ሥላሴ ተብሎ ሥላሴ ላይ መቅረቱ ለመንደሩ ቀልደኞች ጥሩ ሲሳይ ሆነ፤ እስካሁንም በየሰርጉ አንድ ሰው ያነሣዋል። በኋላ የማታ ትምህርት ተምሮ አሥረኛ ክፍልን ጨረሰና መዝገብ ቤት ተቀጠረ። ዛሬ ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

ከቅኔ ቤት ይዞት የወጣው አንድ አመል ነው። ግሥ ሲያይ ባለቤቱን ይፈልጋል። መምህሩ "ባለቤት የሌለው ግሥ ባለቤት የሌለው በሬ ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይጠምደዋል" ይሉ ነበር። የመንግሥት ኃላፊ ደግሞ በደብዳቤ ጠርዝ ላይ ባለቤት አይጽፍም። "ይፈጸም" ይላል፣ "ይታይ" ይላል፣ ይፈርማል። ሀብተ ሥላሴ ወረቀቱን ይዞ ፎቅ ይወጣና "ምኑ?" ብሎ ይጠይቃል። ሰባት ኃላፊ ተፈራርቆበታል። ሁሉም መጀመሪያ ይቆጣሉ፣ ኋላ ይለምዱታል።

ጽሕፈት ቤቱ ያላየው የአሠራር ለውጥ የለም። ቢፒአር መጣና ግድግዳ ፈረሰ። ቢኤስሲ መጣና ሁሉም ሰው ነጥብ ተሰጠው፤ ሀብተ ሥላሴ "ከመካከለኛ በላይ" ወጣ፣ መካከለኛው ማን እንደሆነ ግን የነገረው የለም። ካይዘን መጣና በማያስፈልግ ዕቃ ሁሉ ላይ ቀይ ካርድ ተለጠፈ። ከተለጠፈባቸው ዕቃዎች አንዱ እሱ ባለጉዳይ የሚያስቀምጥበት ወንበር ነበር። ካርዱን አልነቀለውም፤ የመንግሥት ካርድ አይነቀልም። ወንበሩን አዙሮ ካርዱን ለግድግዳ ሰጠና ሽማግሌዎቹን ማስቀመጡን ቀጠለ። ሰው ቆሞ ሲናገር የጉዳዩን ግማሽ ይረሳል የሚል እምነት አለው።

ስምንተኛው ኃላፊ አቶ አንዷለም ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ አላቸው፤ ትሑት፣ ሰላምታ የማይነፍጉ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ከወዲሁ ይነገር፤ ኋላ የሚሠሩት ነገር ሊያሳስት ይችላል። እኒህ ሰው ከሦስት የቢሮ ኃላፊዎች ጋር ሞጣ ሄደው፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ "መንፈሳዊነትንና ሰብአዊ እሴቶችን በሥራ ቦታ ማስረጽ" የሚል ሥልጠና ወስደው ተመለሱ። ሲመለሱ የተጠቀለለ ባነር ይዘው ነበር። ባነሩ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ሰባት እሴቶች አሉበት፤ አንደኛው ርኅራኄ፣ ሁለተኛው ሐቀኝነት ነው። ሰባተኛውን በሩ ሲከፈት ይሸፍነዋል።

ጠዋት ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዐሥር ደቂቃ "የጽሞና ጊዜ" ተባለ። ሠራተኛው በየክፍሉ ዐይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ መገኘቱንም ይፈርማል። በየበሩ ላይ "ጽሞና ላይ ነን፤ አይረብሹ" የሚል ወረቀት ይንጠለጠላል። ባለጉዳዩ ደጅ ቆሞ ወረቀቱን ያነባል። አንድ ከገጠር የመጡ አዛውንት ያን ሁሉ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ በመስኮት ቢያዩት ጊዜ "ማን ሞተባቸው?" ብለው ጠየቁ።

ሀብተ ሥላሴ ስለ ሥልጠናው ገለጻ በተደረገ ዕለት እጁን አውጥቶ ነበር።

"መንፈሳዊነት ሲባል መንፈሱ የማን ነው?"

"የኔታ፣ ሃይማኖት አይደለም" አሉ አቶ አንዷለም። "የሁላችንም ነው።"

"ባለቤት የለውም ማለት ነው" አለና ተቀመጠ። በጽሞናው ጊዜ ግን ዐይኑን ይጨፍናል። ዐሥር ደቂቃ ውስጥ አቡነ ዘበሰማያትን ረጋ ብሎ ደጋግሞ ይደግማል። ከሥልጠናው ያተረፈው ይህን ነው፤ ትንሽ አይደለም።

ከሥልጠናው በፊት በዚያ ሰዓት የሚሰማው ድምፅ የይርጋነሽ ባልዲ ነበር። ይርጋነሽ የቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ባልዲዋ የብረት ነው፤ እጀታው ይጮኻል። ሥልጠናው ከመጣ በኋላ ግን የባልዲው ድምፅ ጠፋ። ምክንያቱ እንዲህ ነው።

ኃላፊዎቹ ወደ ሞጣ የሄዱ ዕለት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የይርጋነሽ ታናሽ እህት ፈንታነሽ ሞጣ ሐኪም ቤት መተኛቷ ተነገራት። የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ፈቃድ የሚፈርሙት አቶ አንዷለም ናቸው፤ አቶ አንዷለም ሞጣ ናቸው። ወረቀቱን ለሀብተ ሥላሴ ሰጥታ መኪና ተሳፈረች፤ እሱም "ገቢ" ብሎ ማኅተም መታበት። በማግሥቱ ምግብ በፎጣ ቋጥራ ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድ ለምሳ ወጥተው ከሚመለሱት ሠልጣኞች ጋር ተገጣጠመች። አቶ አንዷለም ቆመው ሰላም አሏት። ምን እንዳመጣት ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። "እግዜር ይማርልሽ፤ አይዞሽ" አሏትና ወደ አዳራሹ ተመለሱ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሥልጠናው ርዕስ ርኅራኄ ነበር።

ፈንታነሽ እሑድ ሞተች። ሰኞ መንገዱ ተዘጋ። በዚህ አገር መንገድ ለምን እንደሚዘጋ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው መቼ እንደሚከፈት ነው። ይርጋነሽ እህቷን ቀብራ፣ መንገድ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ጥቁር ለብሳ የመጣችው በዐሥራ ሦስተኛው የሥራ ቀን ነው።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። የፈቃድ ወረቀቱ ፊርማ የለውም። ከዐሥር የሥራ ቀን በላይ ቀርታለች። ምስክር ተጠየቀ፤ አቶ አንዷለም "ሞጣ ላይ በዐይኔ አይቻታለሁ" ብለው መሰከሩ። ውሸት አልተናገሩም። ኮሚቴው "ከሥራ ትሰናበት" ብሎ ወሰነ። ነገሩ ያናድዳል፤ ግን ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት ስለሆነ የሚናደድበት ሰው አልተገኘም።

ይርጋነሽ በር ላይ ያለውን ማመልከቻ ጸሐፊ አስጽፋ አንድ ገጽ አስገባች። መጨረሻው "ይቅርታ እንዲደረግልኝ በትሕትና አመለክታለሁ" ይላል። ያደረገችው ጥፋት ምን እንደሆነ አይልም፤ ጸሐፊው ቢጠይቃትም አላወቀችውም። ማመልከቻው ፎቅ ወጣ። ከፎቅ ሲወርድ ጠርዙ ላይ አንድ ቃል ተጽፎበታል፦ "ይቅር።" ከሥሩ ፊርማ።

ሀብተ ሥላሴ ቃሉን አየው። አቶ አንዷለም ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባው። ማመልከቻው ይቅር፣ አይታይ፣ ስንብቱ ይጻፍ ማለታቸው ነው። ሰባት ኃላፊ ያነበበ ሰው ስምንተኛው አይጠፋውም። ነገር ግን ግሡ ባለቤት የለውም። ደግሞም ሌላ ማንኛውም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ይቅርታ በጠየቀ ሰው ወረቀት ላይ "ይቅር" የሚል ቢያነብ የሚገባው አንድ ነገር ነው።

እንደ ልማዱ ፎቅ ወጣ። በሩ ላይ "ጽሞና ላይ ነን፤ አይረብሹ" ተንጠልጥሏል። አንድ ደቂቃ ያህል ቆመ። በኮሪደሩ መስኮት ወደ ግቢ ሲያይ ይርጋነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች፣ ሰው እንዳያያት ይሆናል። ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ወረደ።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳይጠይቅ የወረደበት ቀን ይኸው ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ረቂቁን በእጁ ጻፈ፦ "ያቀረቡት የይቅርታ ጥያቄ ታይቶ 'ይቅር' ተብሎ ስለ ተመራልን፣ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራ ገበታዎ እንዲመለሱ እናስታውቃለን።" ረቂቁን ለጸሐፊዋ ለባንቺዓለም ሰጣት። ባንቺዓለም ረቂቁን አየች፣ የማመልከቻውን ጠርዝ አየች፣ እሱን አየች።

"የኔታ፣ ይኼ እንዲህ ማለት ነው?"

"አልተመረቅሁም። ግሡ እንዲያ ይላል።"

"ባለቤቱስ?" ከእሱ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች።

"አልተጻፈም።"

"ታዲያ አልጠየቋቸውም?"

"ወጥቼ ነበር" አለ።

ባንቺዓለም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ያን ደብዳቤ አንድ ፊደል ሳትስት መታችው፤ ለባንቺዓለም ይህ ብርቅ ነው። ደብዳቤው ከሌሎች ዐሥራ ስምንት ደብዳቤዎች ጋር ፎቅ ወጣ። አቶ አንዷለም ስለ ባነሩ ከዞን ጋር በስልክ እያወሩ ዐሥራ ዘጠኙንም ፈረሙ።

ሰኞ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ቤቱ ሁሉ ጽሞና ላይ ሳለ፣ የባልዲው እጀታ ጮኸ። አቶ አንዷለም አንድ ዐይናቸውን ገለጡ። ዐሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ሀብተ ሥላሴ ተጠራ።

"ይርጋነሽን ማን መለሳት?"

"እርስዎ።"

"እኔ?"

"ደብዳቤው ላይ ፊርማዎ አለ። ማመልከቻው ላይም 'ይቅር' የሚለው የእርስዎ እጅ ነው።"

"ማመልከቻው ይቅር ማለቴ ነዋ! ይቅርታው ይቅር!"

ሀብተ ሥላሴ "ይቅርታው ይቅር" የሚለውን በልቡ መዘነው። መምህሩ ቢሰሙት ምን ይሉ እንደነበር አሰበ።

"ባለቤቱ አልተጻፈም" አለ።

"ሌላ ጊዜ 'ምኑ?' ብለው ይጠይቁ የለም እንዴ? ለአንድ ነጥብ እንኳ ፎቅ የሚወጡ ሰውዬ!"

"ወጥቼ ነበር። ጽሞና ላይ ነበሩ።"

አቶ አንዷለም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሽማግሌ ሊያዋርዱ እንዳልፈለጉ ያስታውቃል፣ "የኔታ፣ ተሳስቼ ነው ይበሉኝና እንተወው። የእሷን ደብዳቤ እናርማለን፣ እርስዎን ማንም አይነካዎትም" አሉ።

መውጫ በር ተከፈተለት። በሰው ልብ ውስጥ ገብቶ የሚያይ የለም፤ "ተሳስቼ ነው" ቢል ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ግን አፈረ። ፎቅ ወጥቶ ዘጠኝ ደቂቃ አለመጠበቁ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሲቆጨው ሰንብቷል።

"አልተሳሳትሁም" አለ። "ምን ማለትዎ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። አውቄ ነው የጻፍሁት።"

"ለምን?"

"እህቷ ሞታለች።"

"አውቃለሁ። ግን መመሪያ አለ።"

"አለ" አለ ሀብተ ሥላሴ።

አቶ አንዷለም ሁለት ወረቀት ጻፉ። አንደኛው "ለወይዘሮ ይርጋነሽ የተጻፈው ደብዳቤ ይሻር" ይላል። ባለቤቱ በግልጽ ተቀምጧል፤ ሀብተ ሥላሴ ሳይወድ አደነቀው። ሁለተኛው "የኃላፊን ትእዛዝ ሆን ብሎ በማጣመም" የሚል፣ በራሱ በሀብተ ሥላሴ ላይ የቀረበ ክስ ነው። የዲሲፕሊን ፋይል የሚከፍተው መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤት ማለት እሱ ነው። የራሱን ፋይል ከፈተ፣ ቁጥር ሰጠው፣ ስሙን በጥሩ እጁ ጻፈበት፣ መደርደሪያው ላይ በተራው አስቀመጠው። ጡረታው እዚያ ፋይል ውስጥ ገባ።

የመሻሪያውን ደብዳቤ መምታት ለባንቺዓለም ተሰጠ። የማተሚያው ቀለም አለቀ። ማክሰኞም አልቆ ዋለ፣ ረቡዕም። ሌሎች ደብዳቤዎች መታተማቸውን ማንም አላነሣም።

ሐሙስ ከዞን ወይዘሮ አስናቀች መጡ። ሥልጠናው በሥራ ላይ መዋሉን የሚያዩ ሰው ናቸው። ባነሩን አዩ። ጽሞናው ላይ ተቀመጡ። የጽሞና መከታተያ ፊርማውን ገለጡ፤ አንድም ቀሪ የለም።

"ሰው ላይ የደረሰ ነገርስ አለ?" ብለው ጠየቁ። "ከሥልጠናው በኋላ ለአንድ ሰው የተደረገለት?"

አቶ አንዷለም ስለ ባነሩ አንድ ነገር ተናገሩ። ወይዘሮ አስናቀች ፋይል ላገላብጥ አሉና መዝገብ ቤት ወረዱ። ሀብተ ሥላሴ ተነሥቶ ባለ ቀይ ካርዱን ወንበር ሰጣቸው። የወሩን ወጪ ደብዳቤ ሲያገላብጡ ቆዩና አንዱ ላይ ቆሙ። ፊታቸው በራ።

"ይኸውላችሁ! ይህን ነው የምፈልገው። 'የይቅርታ ጥያቄዎ ታይቶ።' አቶ አንዷለም፣ ምነው ደበቁኝ? ሴትዮዋን ጥሩልኝ፣ ከአፏ ልስማው።"

አቶ አንዷለም በሩ ላይ ቆመዋል። ሀብተ ሥላሴ ወጥቶ ጠራት። ይርጋነሽ ባልዲዋን ይዛ መጣች፤ ጥቁሯን እንደ ለበሰች ናት።

"ነይ፣ የኔ እመቤት" አሉ ወይዘሮ አስናቀች እስክሪብቶ እያወጡ። "አይዞሽ፣ ለመልካም ነው። መሥሪያ ቤቱ ይቅር ብሎሻል አሉ። ይቅርታ የተደረገልሽ ምን አጥፍተሽ ነው?"

ይርጋነሽ መልሱን ልትስት አልፈለገችም፤ ትንሽ አሰበች።

"እህቴን ቀብሬ ነው" አለች።

ወይዘሮ አስናቀች እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስነክተው ነበር፤ አነሡት።

"ሳታስፈቅጂ ሄደሽ?"

"ወረቀቱን አስገብቻለሁ። የሚፈርሙት ሞጣ ነበሩ። ሞጣም አግኝቻቸዋለሁ፤ እግዜር ይማርልሽ ብለውኛል።" ይህን ስትል ወደ አቶ አንዷለም ዞር ብላ በምስጋና እጅ ነሣች። መስክረውባት እንደነበር አታውቅም፤ ምስክር የተሰማው እሷ ከወጣች በኋላ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል የሆነውን ጽሞና ማንም አልፈረመበትም። ወይዘሮ አስናቀች ፋይሉን ዘጉ፣ ተነሡ፣ የይርጋነሽን እጅ ያዙና "እግዜር ያጥናሽ" አሏት። በዚያ ቤት ይህን ያላት ከሀብተ ሥላሴና ከባንቺዓለም ቀጥሎ ሦስተኛ ሰው ናቸው። የተዘጋጀውን ምሳ ሳይበሉ ሄዱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቶ አንዷለም ደረጃውን ወረዱ። ከእሳቸው በፊት ከነበሩት ሰባት ኃላፊዎች አንዱም መዝገብ ቤት ወርዶ አያውቅም። ሀብተ ሥላሴ ሊነሣ ሲል በእጃቸው ከለከሉትና የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰው ሲቀመጥ ጉዳዩን አይረሳም።

"የእርስዎን ፋይል ያምጡልኝ።"

አመጣ። ጠርዙ ላይ "ይቅር" ብለው ጻፉ፤ እስክሪብቶውን ሳያነሡ ቀና ብለው አዩት። ሀብተ ሥላሴ አፉን እስኪከፍት አልጠበቁም፤ ከቃሉ ፊት "ክሱ" ብለው ጨመሩበት።

"አሁን የእሷን።"

ማመልከቻውን አወጣላቸው። ያቺ አንዲት ቃላቸው ከነፊርማዋ ጠርዙ ላይ አለች። አቶ አንዷለም ብዙ ጊዜ አዩዋት። መጀመሪያ ሊሰርዟት የፈለጉ መሰለ። ኋላ ግን አልሰረዟትም፤ ከጎኗ አንድ ቃል ጨመሩባት፣ ወረቀቱን ገፋ አድርገው "ያድርሱላት፤ የመሻሪያው ደብዳቤ ይቅር" አሉና ዐይናቸውን እየጠረጉ ፎቅ ወጡ።

ሀብተ ሥላሴ የወጪ መዝገቡን ገለጠ። ከማን፦ ጽሕፈት ቤቱ። ለማን፦ ወይዘሮ ይርጋነሽ። ጉዳዩ፦ ይቅርታ። የማስረከቢያ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ኮሪደሩ ላይ፣ ባነሩ ሥር ስትወለውል አገኛት። ወረቀቱን ሰጣት። ይርጋነሽ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችና ጠርዙን በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው።

"'ይቅር በይን።'" እንደገና አነበበችው። "ምን ማለት ነው? እንደ ገና ላመልክት ነው?"

"የለም። አሁን ያመለከቱት እነሱ ናቸው። ግሡ ባለቤት አገኘ" አለ፤ ድምፁ ትንሽ ሻከረ። "ባለቤቱ አንቺ ነሽ።"

ይርጋነሽ ወረቀቱን አጠፈችና በደረቷ ወተፈችው። አለቀሰች፤ ብዙ አይደለም። ከዚያ ደብተሩ ላይ መቀበሏን ፈረመች።

"ይቅር ለእግዜር" አለች። መወልወያዋን አነሣች። "የኔታ፣ እግርዎን ያንሡልኝ፤ እርጥብ ነው።"

"አልተመረቅሁም" አለና እግሩን አነሣ።